የስንዴው መቢጨት በዩሪያ ብቻ አይዘጋም፦ «የአፈር ወለድ ቫይረስ ፍተሻ ለወሎ ቅንጦት ነው» ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ

በወሎ ደጋ ስንዴ ላይ ስለሚታየው መቢጨት የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር እኔም ዘንድ ደረሰ። የጸሐፊው ሐሳብ ባጭሩ ይህ ነው። በጃማ፣ በወረኢሉና በደላንታ ጥቁር አፈር ላይ ስንዴ የሚቢጨው ውሃ ስለሚተኛበትና ዩሪያ ስለሚያንሰው ነው። አፈር ወለድ ቫይረስ የሚባለው የበረዶ አገር ጣጣ ነው። ቢመጣም መድኃኒት ይረጫል፤ ካልሆነም ሰብል ማፈራረቅ ይበቃል። ዝርያ መፈተሽ ካስፈለገ የተለመደው የምርት ሙከራ ያሳያል፤ ከውጭ የተፈተሸ ዘር ማስመጣትም ይቻላል። ነባሩ የአገር ስንዴ ደግሞ በተፈጥሮው ጠንካራ ነው። ስለዚህ ዋግ የሚባለው የስንዴ በሽታ እያለ ለዚህ ገንዘብ ማውጣት ቅንጦት ነው።

ጸሐፊው ለገበሬው ተቆርቁረው እንደጻፉ አልጠራጠርም። ነገር ግን እንዲህ ያለ ጽሑፍ ወረዳ ላይ ሲነበብ ምክር ይሆናል፤ ምክሩም በልማት ሠራተኛው አፍ ማሳ ድረስ ይወርዳል። ስለዚህ ነጥብ በነጥብ መመለስ ግድ ሆነብኝ። በሽታው ወሎ ገብቷል ብዬ ልከራከር አልተነሣሁም። የምለው፣ አለ ወይም የለም ተብሎ የቅጠል ቀለም ብቻ ታይቶ አይፈረድም ነው። አንድ የስንዴ ዝርያ ይቋቋመዋል አይቋቋመውም የሚለውም በሽታው በሌለበት መሬት ላይ ተዘርቶ አይታወቅም። የጽሑፉ ስህተት ሁሉ ከነዚህ ከሁለቱ የሚመዘዝ ነው።

«መቢጨቱ የውሃና የዩሪያ ጉዳይ ነው» የሚለው ግማሹ እውነት ነው። ጥቁር አፈር ክረምት ላይ ውሃ ያቁራል፤ ሥሩ አየር ያጣል፤ ናይትሮጅኑም ይባክናል። ማሳውን ቢቢኤም በሚባለው ሰፊ መደብ ማውጫ ማረሻ መደብ አውጥቶ ውሃውን ማንጣፈፍ የሚደገፍ ሥራ ነው። ችግሩ ያለው ሌላው ግማሽ ላይ ነው። አፈር ወለድ ቫይረሶችን ወደ ስንዴ ሥር የምታስገባው ፖሊሚክሳ ግራሚኒስ የምትባል በዓይን የማትታይ ፍጥረት ናት። ፈንገስ ትመስላለች፤ ግን አይደለችም። አፈር ውስጥ ተኝታ ትቆይና አፈሩ በውሃ ሲጠግብ ትነቃለች፤ ከዚያም በውሃው ውስጥ እየዋኘች ሥሩን ታገኛለች። ቫይረሱን ይዛው የምትገባው ያን ጊዜ ነው። እንግዲህ ውሃ የሚተኛበት ረባዳ ቦታ ለሁለቱም ችግር አንድ አድራሻ ነው ማለት ነው። ውሃ ተኝቶበታልና ቫይረስ አይደለም የሚለው ድምዳሜ ከዚህ ላይ ይወድቃል። እንዲያውም ቫይረሱን መጀመሪያ መፈለግ ያለብን እዚያው ነው።

ልዩነቱን ማየት የፈለገ ሰው ማሳው ዳር ቆሞ መመልከቱ አይበቃውም። ናይትሮጅን ያጣ ስንዴ የሚቢጨው ከታች ካረጀው ቅጠል ጀምሮ፣ ከጫፉ ወደ መሐል፣ ወጥ ሆኖ ነው። ቫይረስ የያዘው ግን አዲሱ ቅጠል ላይ ይታያል። ቅጠሉን ነቅለው ወደ ብርሃን ቢይዙት ገርጣ ያሉና አረንጓዴ የሆኑ የተቆራረጡ መስመሮች በቅጠሉ ቁመት ይሄዳሉ። አንዳንዶቹ መስመሮች መሐላቸው ሰፋ ብሎ ሁለቱ ጫፋቸው ይሾላል። ተክሉም ከጎረቤቱ አጥሮ ይቀራል። በዚህ ላይ ሦስተኛ ተጠርጣሪ አለ፤ ክሽክሽ በሚባለው ትንሽ ነፍሳት የሚተላለፈው፣ ገብስንም ስንዴንም የሚያቢጨውና የሚያቀጭጨው ቫይረስ። እሱ በአገራችን የታወቀ ነው፤ ከአፈር ግን አይመጣም። ሦስቱም ከመንገድ ላይ ሲታዩ ቢጫ ናቸው።

ባለፈው ክረምት ጃማ ውስጥ ከአንድ አርሶ አደር ጋር ማሳቸው መሐል ጎንበስ ብለን ስንነቅል ያሳዩኝ ነገር እስካሁን ከሐሳቤ አልወጣም። «ልጄ፣ ይኼ እኮ በየዓመቱ እዚቹ ቦታ ላይ ነው የሚይዘው። ዩሪያ ብጨምርለትም፣ ባልጨምርለትም እዚቹ» አሉኝ። በእጃቸው ያመለከቱት ቁራጭ ወደ አንድ አቅጣጫ ጎተት ብሎ የረዘመ ነበር፤ በሬ የሚሄድበት የእርሻው መስመር ነው። «አባቴ፣ ሳይመረመር ምንነቱን ልነግርዎት አልችልም» ከማለት ሌላ መልስ አልነበረኝም። የማዳበሪያ እጥረት ግን በየዓመቱ አንዲት ቁራጭ መርጦ፣ በማረሻ ተጎትቶ የሚሰፋበት ምክንያት አይታየኝም። ጽሑፉ እንዲህ ያለውን የገበሬ ምልከታ አንድም ቦታ አላነሣም።

ሌላም የሚያሳስት ነገር አለ። የነዚህ ቫይረሶች ምልክት ጎልቶ የሚወጣው አየሩ ቀዝቃዛ ሲሆን ነው። ሙቀቱ ወደ 20 ዲግሪ ደርሶ ሲያልፍ አዲስ የሚወጣው ቅጠል አረንጓዴ ይሆናል፤ ሕመሙ የዳነ ይመስላል። እኛ ዘንድ ዩሪያው ነሐሴ ላይ ይበተናል፤ መስከረም ጠብቶ ፀሐይ ይወጣል፤ ማሳው ይለመልማል፤ ምስጋናውን ዩሪያው ይወስዳል። ያጠረው ተክልና ያነሰው ዛላ ግን አይመለስም፤ የሚታወቀው አውድማ ላይ ነው። ጸሐፊው «ዩሪያ ሲጨመር ይድናል» ያሉት ማስረጃ ከዚህ ጋር ሲተያይ ብቻውን አይቆምም።

«የበረዶ አገር በሽታ ነው» ለሚለው መልሱ አጭር ነው። በሽታው መጀመሪያ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1919 አሜሪካ ውስጥ መሆኑ፣ በኋላም በአውሮፓ፣ በቻይናና በጃፓን መታወቁ እውነት ነው። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2000 ከእነዚህ ቫይረሶች ሁለቱ፣ ማለትም አፈር ወለዱ የስንዴ ሞዛይክና ቅጠሉ ላይ ሹል መስመር የሚያወጣው፣ ዛምቢያ ውስጥ መገኘታቸው ይፋ ሆኗል። ዛምቢያ አፍሪካ ናት፤ በረዶም የላትም። ሕንድ ውስጥ ደግሞ በዚያችው በፖሊሚክሳ ተሸካሚነት ለውዝን የሚያጠቃ ቫይረስ ስንዴና ገብስ ላይ ተገኝቷል። የሚወስነው በአገሩ በረዶ መጣሉ ሳይሆን ስንዴው በበቀለባቸው ሳምንታት አፈሩ ርጥብና ቀዝቃዛ መሆኑ ነው። ሥሩ የሚለከፈው ከ10 እስከ 20 ዲግሪ ባለው አፈር ነው። ከ2500 ሜትር በላይ ያለው የወሎ ደጋ በሐምሌና በነሐሴ ምን እንደሚመስል ጋቢ ለብሶ ያሳለፈ ሁሉ ያውቀዋል።

ስለ መርጨት ብዙ አልልም። ለዋግ የምንረጨው ቲልትም ሆነ ሬክስ ዱዎ ቫይረስ አይነካም፤ አፈር ውስጥ ያለችውን ተሸካሚም አያገኝም። አፈሩን በጋዝ አፍኖ ማጽዳት የሚችለው ሜቲል ብሮማይድ በሞንትሪያል ስምምነት መሠረት ለእርሻ አፈር ማጽጃነት ከአገልግሎት እንዲወጣ ተደርጓል፤ ለታዳጊ አገሮች የተሰጠው ጊዜ ያበቃው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። ባይከለከልም በጥማድ ለሚያርስ ገበሬ ዋጋው የሚታሰብ አልነበረም።

ሰብል ማፈራረቅን በተመለከተ ጸሐፊው «ሁለት ዓመት ባቄላ ወይም ምስር ቢዘራ መሬቱ ይጸዳል» ብለዋል። ባቄላና ምስር ለአፈሩ የሚሰጡት ጥቅም ብዙ ነው፤ ይዝሩ። ይህን በሽታ ግን አያጸዱትም። የፖሊሚክሳ የእንቅልፍ ዘር ወፍራም ቅርፊት አለው፤ ቫይረሱን በውስጡ እንደያዘ ከ10 ዓመት በላይ አፈር ውስጥ ይቆያል። በዚያ ላይ በወሎ ደጋ ስንዴ ከማን ጋር ነው የሚፈራረቀው? በብዙ ቦታ ከገብስ ጋር ነው። ገብስ ደግሞ ለተሸካሚዋም ለቫይረሱም መኖሪያ ይሆናል። በበልግ ገብስ፣ በመኸር ስንዴ የሚዘራበት መሬት ለበሽታው ከዓመት ዓመት ማዕድ እንደተዘረጋለት ነው። አፈሩም በቦታው አይቀመጥም። በሬ በመቀናጆ ከማሳ ማሳ ይሄዳል፤ ጎርፍ ከአፋፉ ወደ ረባዳው ያወርደዋል፤ በኩታ ገጠም እርሻ ላይ የሚገባው ኮምባይነር ደግሞ ጭቃውን በጎማው ይዞ ወረዳ ያሻግራል።

መርጨቱም ማፈራረቁም ካልያዙ የሚቀረው የሚቋቋም ዝርያ ነው። በሽታው በኖረባቸው አገሮችም ገበሬውን ስንዴ ዘሪ አድርጎ ያቆየው እሱ ነው። ከሁሉ ያሳሰበኝ የጽሑፉ ክፍልም ስለ ዝርያ ፍተሻ የተነገረው ነው።

«የምርት ሙከራው ያሳያል፤ ብዙ የሰጠው ዝርያ ተቋቁሟል ማለት ነው» ይላሉ። አይደለም። ቫይረስ በሌለበት ማሳ ላይ የተዘራ ዝርያ ጤነኛ ሆኖ ቢታይ ስለ መቋቋሙ የተናገረው ነገር የለም፤ በበጋ ቆሞ ጣሪያው አያፈስም ብሎ እንደመመስከር ነው። የሙከራ ማሳዎቻችን የሚመረጡት ደግሞ ሜዳና ወጥ፣ ውሃ የማይተኛባቸው እንዲሆኑ ነው። ይህ ለምርት ሙከራ ትክክል ነው፤ ለዚህ በሽታ ፍተሻ ግን የተገላቢጦሽ ነው። የሲሪንቃን የግብርና ምርምር ማዕከል ውሰዱ። ማዕከሉ ያለበት ቦታ 1850 ሜትር አካባቢ ነው፤ ሞቃት ነው። ቫይረሱ አፈሩ ውስጥ ቢኖር እንኳ እዚያ ምልክቱ በወጉ አይወጣም። እዚያ ንጹሕ ሆኖ የታየ ስንዴ ጃማ ወይም ዋድላ ላይ ምን እንደሚሆን ከሲሪንቃ ሰንጠረዥ ማንበብ አይቻልም።

ትክክለኛው ፍተሻ የሚጀምረው የታመመ መሬት ከመፈለግ ነው። ቫይረሱ እንዳለበት በላቦራቶሪ የተረጋገጠ ቁራጭ ይያዛል፤ እንዲጸዳም አይደረግም። በየዓመቱ ስንዴ በስንዴ ላይ እየተዘራ የበሽታው ኃይል እንዲጠበቅ ይደረጋል። በአሜሪካ ኦክላሆማና ካንሳስ ውስጥ ለዚሁ ሲባል የተያዙ ማሳዎች አሉ፤ ከማዳቀል ሥራው የሚወጡት አዳዲስ የስንዴ ዘሮች እዚያ ላይ ሳይዘሩ አያልፉም። አዘራሩ ላይ ዋናው ነገር ማነጻጸሪያው ነው። በቀላሉ የሚጠቃ፣ ጠባዩ የታወቀ ዝርያ በየጥቂት መደቡ መሐል ይዘራል። በሽታው በአንድ ማሳ ውስጥ እንኳ ወጥ ሆኖ አይገኝም፤ እዚህ ይበረታል፣ አራት እርምጃ አልፎ ይጠፋል። ማነጻጸሪያው አጠገብ ሆኖ ካልታመመ፣ ጎኑ ያለው ዝርያ ጤነኛ መሆኑ አይመዘገብለትም፤ በሽታው ሳያገኘው ቀርቶ ሊሆን ይችላልና። ማነጻጸሪያው ቢጫ ሆኖ አጥሮ ከተቀመጠና ጎኑ ያለው ስንዴ አረንጓዴ ሆኖ ከቆመ ግን፣ ይኸው በሌላ መደብና በሌላ ድግግሞሽ ከተደገመ፣ ያን ጊዜ ስለ መቋቋም መነጋገር ይቻላል። አንድ ክረምትም አይበቃም። ዝናቡ ያጠረበት ዓመት ላይ ተሸካሚዋ በደንብ አትዋኝም፤ ተጠቂው ሁሉ ጀግና መስሎ ያልፋል። ሁለት ሦስት ክረምት ማየት የግድ ነው።

ዓይን የሰጠው ነጥብም በላቦራቶሪ መታየት አለበት። አንዳንዱ ዝርያ ምልክቱን ሳያሳይ ቫይረሱን በቅጠሉ ይሸከማል። ኤላይዛ የሚባለው ምርመራ ለዚህ የተመቸ ነው። የቅጠሉ ጭማቂ በትንንሽ ጉድጓዶች ይንጠባጠባል፤ ቫይረሱ ካለ ጉድጓዱ በሚለካ መጠን ቀለም ይይዛል። ናሙናው የሚቆረጠው ምልክቱ ጎልቶ በሚታይበት በቀዝቃዛው ሰሞን ነው፤ አየሩ ከሞቀ በኋላ የተቆረጠ ቅጠል የለም የሚል የሐሰት መልስ ሊሰጥ ይችላል።

«ከውጭ የተፈተሸውን ማምጣት» የሚለው ሐሳብ ቀላል ይመስላል። መጀመሪያ ነገር በእነዚያ አገሮች ከተፈተሸው ብዙው በእነሱ የብርድ ወቅት ማሳ ላይ የሚከርም ስንዴ ነው፤ ለሳምንታት ብርድ ካልተመታ ዛላ አያወጣም፤ የወሎ ቅዝቃዜም አይበቃውም። ሁለተኛ፣ አንዱን ቫይረስ የሚቋቋም ዝርያ ሌላውን ይቋቋማል ማለት አይደለም፤ የመቋቋሙ ዘረመሎች ይለያያሉ። የትኛው ቫይረስ እንዳለብን ሳናውቅ የየትኛውን መድኅን እንግዛ? የሚጠቅመን የተፈተሸው ዝርያ ሳይሆን በውስጡ ያለው ዘረመል ነው፤ ኤስቢኤም 1 የሚባለውን ብንወስድ ቫይረሱ ከሥር ወደ ቅጠል እንዳይወጣ ያግዳል። እሱን ከእኛ ዝርያዎች ጋር ማዳቀል ይቻላል፤ የተዳቀለው ግን ዞሮ ዞሮ እዚሁ፣ በእኛ አፈር ላይ መፈተሹ አይቀርም።

ይህ ወደ ነባሩ ስንዴ ያደርሰናል። ጸሐፊው «የአገራችን ስንዴ አያት ቅድመ አያቶቻችን ያቆዩት ነው፤ በሽታ አይበግረውም» ሲሉ ያላቸው ፍቅር ይገባኛል፤ እኔም እጋራዋለሁ። ነገር ግን ነባሩ ስንዴያችን በአብዛኛው ለፓስታና ለማካሮኒ የሚውለው የዱረም ወገን ነው። ኤስቢኤም 1 ያለው ደግሞ በዳቦ ስንዴ ዲ በሚባለው የክሮሞዞም ክፍል ላይ ነው፤ ዱረም ይህ ክፍል ጭራሽ የለውም። አውሮፓ ውስጥም ዱረም በዚህ በሽታ ከሚጎዱት ቀዳሚው ሆኖ ተገኝቷል። ሆኖም በጥቂት የዱረም ዝርያዎች ላይ በሁለተኛው የቢ ክሮሞዞም ያለ፣ ኤስቢኤም 2 ከሚባለው ጋር የሚቀራረብ መቋቋም ታይቷል። ስለዚህ ከወሎ ነባር ስንዴዎች አንዱ ይህን ኃይል ይዞ ሊሆን ይችላል፤ ላይዝም ይችላል። የሚለየው ፍተሻ ነው።

የገብሳችን ታሪክ ለዚህ ምስክር ነው። በክሽክሽ የሚተላለፈውን ቫይረስ የሚቋቋመው ዋይዲ 2 የተባለው ዘረመል የተገኘው ከኢትዮጵያ ገብሶች ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ካሊፎርኒያ ውስጥ ተለይቶ ታወቀ። ከዚያ ወዲህ በሌሎች አገሮች የገብስ ማዳቀል ሥራ ውስጥ ገብቶ ያገለግላል። ገብሱ ኃይሉን ይዞት የኖረው በእኛ ማሳ ላይ ነው፤ ማን እንዳለው፣ ማን እንደሌለው የለየው ግን በሽታ ላይ አቁሞ የፈተሸ ሰው ነው። የዱረም ስንዴያችንንም ሌላ አገር ወስዶ እስኪፈትሽልን መጠበቅ የለብንም።

«ዋግ እያለ» ለሚለው ዋግን የሚያሳንስ አንድ ቃል አልናገርም። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ ኩብሳና ጋላማ የተባሉትን የስንዴ ዝርያዎች እንዴት እንደጨረሰ የስንዴ አምራች አካባቢ ሰው ሁሉ ያስታውሳል። ዲጋሉ የተባለው ዝርያም እ.ኤ.አ. በ2005 ተለቆ ብዙ ተስፋ ከተጣለበት በኋላ በ2013 በባሌና በአርሲ የግንድ ዋግ ጣለው። የዋግ ሥራ የማያቋርጥ ሩጫ ነው፤ ዋጉ ጠባዩን ይለውጣል፤ ዝርያ አዳቃዩ ይከተለዋል። የአፈር ወለዱ ጉዳይ ግን በአንድ ነገር ይለያል። አሜሪካ ውስጥ የስንዴው መቋቋም ለአሥርተ ዓመታት ጸንቶ ቆይቷል። ለዘላለም ነው አልልም። ጀርመን ውስጥ በገብስ ላይ አንድ መሰል ቫይረስ የተማመኑበትን ዘረመል እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ሰብሮት ያውቃል። ሆኖም እዚህ ላይ የሚወጣ ገንዘብ ረጅም ዕድሜ ያለው መሆኑ ከወጪው ጋር አብሮ ሊቆጠር ይገባል። ደግሞም አዲስ ዝርያ ዋግን ተቋቁሞ ረባዳው ላይ ቢጫ ሆኖ ከቀረ ለጃማ ገበሬ የዋጉ ድል ግማሽ ነው።

ወጪው ራሱ ጽሑፉ እንደሚያስፈራራው አይደለም። መጀመሪያ የሚፈለገው አዲስ ሕንፃ ወይም ትልቅ ፕሮጀክት ሳይሆን አፈር ነው። በየዓመቱ በአንድ ቦታ ከሚቢጩ ቁራጮችና ከአጠገባቸው ካለው ጤነኛ ክፍል፣ ሥሩ ከሚደርስበት ጥልቀት፣ ለየብቻው በፌስታል አፈር ይወሰድ። አካፋው ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሄድ ይታጠብ። አፈሩ በጀሪካን ቁራጭ ወይም በአበባ ማሰሮ ተደርጎ በቀላሉ የሚጠቃ ስንዴ ይዘራበት፤ 15 ዲግሪ አካባቢ በሆነ ቅዝቃዜ ርጥበቱ ሳይጓደል ሁለት ወር ያህል ይቆይ። ደጋ ላይ ለሚሠራ ሰው በክረምት ይህን የሚሰጠው ጥላ ያለበት ደጅ ነው። ከዚያ ሥሩ ታጥቦ በቀለም ተነክሮ በማይክሮስኮፕ ይታይ፤ ተሸካሚዋ ካለች ተጠጋግተው የተከማቹ የእንቅልፍ ዘሮቿ ሥሩ ውስጥ ይታያሉ። እሷ ብቻዋን መገኘቷ ግን በሽታው አለ አያሰኝም፤ ቫይረሱን ሳትይዝም ትኖራለች። ስለዚህ ሥሩና ቅጠሉ ለኤላይዛ ወይም የቫይረሱን ዘረመል አብዝቶ ለሚለየው ፒሲአር ለሚባለው ምርመራ ይላክ፤ በክሽክሽ የሚተላለፈውም አብሮ ይመርመር።

መልሱ የለም ከሆነ የጸሐፊው የዩሪያና የማንጣፈፍ ምክር ያኔ መሠረት ያገኛል፤ እኔም አብሬያቸው እሰብካለሁ። መልሱ አለ ከሆነ ያቺ የተገኘችበት ቁራጭ ከገበሬው በስምምነትና በካሣ ትያዝና ለመጪው መኸር የዳቦ ስንዴውም፣ የዱረሙም፣ የነባሩም ዘር ማነጻጸሪያው መሐል መሐሉ እየገባ ይዘራባት። ለአፈሩ ሥራ ቀጠሮው ሐምሌ ነው፤ ለቅጠል ናሙናው ነሐሴ፤ መስከረም ከጠባ ግን ለዘንድሮ አልፏል።